ሚኒሞው አልወርድ ያለ ቱ ስትሮክ ሞተር፦ ማስተካከል፣ ማጠብ፣ ላስቲክ መቀየር፣ ኦይል ሲል ወይስ አዲስ ካርቡሬተር?

የነዳጅ እጀታው ተለቋል፣ ሞተሩ ግን ይጮኻል። ማርሽ ሲያስገቡለት ይወረወራል፣ ቁልቁለት ላይ አይይዝም፣ ቆሞም ቤንዚን ይጠጣል። ጋራዥ ሲወስዱት አንዱ መካኒክ «ሚኒሞ (እጀታው ተለቆ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ነው፣ በአንድ ብሎን ይስተካከላል» ይላል። ሌላው «ካርቡሬተሩ ይታጠብ» ይላል። ሦስተኛው ከሩቅ አዳምጦ «ኦይል ሲል (የሞተሩ ሆድ አየር እንዳያስገባ የሚያፍነው ጎማ) ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያስከፍሉት ገንዘብ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ስለዚህ ኪስ ከመፈታቱ በፊት የትኛው እንደሚገጥም መለየት ያስፈልጋል።

እዚህ የተጻፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚሠሩ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነው፤ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ላሉ ሞተር ሳይክሎችም፣ ቱ ስትሮክ ሞተር ለተገጠመላቸው ባለ አራት ጎማ ኤቲቪዎችም ይሆናል። የጎማው ቁጥር ይለያይ እንጂ ሚኒሞ ከፍ የሚልበት ምክንያት አንድ ነው።

በሩ አልተዘጋም ወይስ ሌላ በር ተከፍቷል?

አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ስላይድ አለ። እጀታውን ሲጠመዝዙ ኬብሉ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሲለቁት ሞላው ወደ ታች ይመልሰዋል። ጨርሶ እንዳይዘጋ ከሥር ደግፎ የሚይዘው የሚኒሞ ብሎን ነው። ጤነኛ ሞተር ከሞቀ በኋላ በአብዛኛው በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ይዞራል። ከዚያ በላይ ሲጮኽ ወይ ስላይዱ አልተዘጋም፣ ወይ ደግሞ ከካርቡሬተሩ ወዲያ ያለ ስንጥቅ አየር ያስገባል።

ሁለቱን መለየት ለምን ያን ያህል አስፈለገ? ስላይዱ ሳይዘጋ ሲቀር አየሩም ቤንዚኑም አብረው ይጨምራሉ፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይጎዳም። በስንጥቅ የሚገባው ግን አየር ብቻ ነው። ቅልቅሉ ይቀጥናል፣ ፒስቶኑ ይግላል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚመጣበት ቱ ስትሮክ ደግሞ ቤንዚን ሲያንስ ማለስለሻውም ያንሳል፤ መጨረሻው ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ መንከሱ (ተጣብቆ መቆሙ) ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። እጀታው ተዘግቶ፣ ሞተሩ በጎማው እየተገፋ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር፣ በስላይዱ በኩል የሚያልፈው ዘይት ኢምንት ነው። በዚህ ላይ ስንጥቅ ካለ ዳገቱን ያለ ችግር የወጣ ሞተር ቁልቁለቱ ላይ ይነክሳል።

በምን እንመዝን?

አንደኛው መመዘኛ መፍትሔው ፈተናው ካሳየው ምልክት ጋር መገጠሙ ነው። ይህ ካልተሟላ ሌሎቹን መመዘን ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ ወጪው ይመጣል። እዚህ በብር ሳይሆን በደረጃ ነው የተቀመጠው፤ ደብረ ብርሃን ያለው የመለዋወጫ ዋጋና አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለው አንድ አይደለም፣ ሁለቱም ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ሦስተኛው ሞተሩ ስንት ቀን ይቆማል የሚለው ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላለ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪላክ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ምርመራው ተሳስቶ ቢሆንስ ምን ይበላሻል የሚለው ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀው ፈተና

ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል ያሙቁ፣ ቾኩ (ለብርድ ማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛው) መመለሱን ያረጋግጡ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዙሩ። ድምፁ ከተለዋወጠ ኬብሉ አጥሯል ወይም በተሳሳተ መንገድ አልፏል፤ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ካልተለዋወጠ የሚኒሞ ብሎኑን ዙር እየቆጠሩ ይፍቱ። ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ከጠፋ በሩ ይዘጋል ማለት ነው፣ ጉዳዩ የማስተካከል ወይም የማጠብ ነው። ብሎኑ ተፈትቶ አልቆ፣ ስላይዱ ወርዶ፣ ሞተሩ አሁንም የሚዞር ከሆነ ግን አየር የሚያገኘው ከሌላ ቦታ ነው።

ጆሮም ይመሰክራል። እጀታውን አንዴ ሰጥተው ይልቀቁት። ጤነኛው ወዲያው ይወርዳል። ቅልቅሉ የቀጠነው ሦስት አራት ሰከንድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ነው የሚመለስ። በዚያው ቾኩን ጥቂት ሲስቡት ድምፁ ከረጋ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ካንዴላውም ፈትተው ይዩት፦ ቡና ዓይነት ቀለም ደህና ነው፣ ነጭ ወይም አመድማ የአየር ብዛት ነው፣ ጥቁርና እርጥብ የቤንዚን ብዛት ነው።

በፈተናው መሃል ሞተሩ በራሱ እየጨመረ ሄዶ በቁልፍ አልጠፋ ካለ አይደንግጡ። ቾኩን ሙሉ በሙሉ ይሳቡ። ያ ካልሠራ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ከፍተኛ ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ፣ ታፍኖ ይጠፋል።

1. ማስተካከል

ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ካቻቢቴና ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። የኬብሉ ልቅነት እጀታው ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ኤቲቪ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋው የነዳጅ መስጫ ቤቱ ውስጥ ጭቃና አቧራ ይከማቻል። የመንዝ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ስለሚሆን ቤቱን ከፍቶ መጥረግ ከኬብል መቀየር ይቀድማል። ሁለት ካርቡሬተር ያላቸው ኤቲቪዎች ላይ ሁለቱ ስላይዶች እኩል መነሳታቸው ይታይ። አንዱ ቀድሞ ከተነሳ ሞተሩ ከፍ ባለ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል።

የአየር ብሎኑን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያስገቡ (አያጥብቁት፣ ጫፉ ይጎዳል)፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ይፍቱ። ሚኒሞውን በሚኒሞ ብሎን ዝቅ ያድርጉ፣ የአየር ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር እያንቀሳቀሱ ሞተሩ በጣም ረግቶ የሚዞርበትን ቦታ ይፈልጉ፣ ከዚያ ሚኒሞውን እንደገና ያውርዱ። ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ ማስገባት ቤንዚን ያበዛል፣ መፍታት አየር ያበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነ የተገላቢጦሽ ነው።

የአገራችን መልክዓ ምድርም እዚህ ላይ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ አየሩ በ15 በመቶ አካባቢ ይወፍራል። ደብረ ብርሃን ላይ በልኩ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቆላ ሲወርድ ቅልቅሉ ይቀጥንበታል፣ ሚኒሞውም ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በማጣሪያው በኩል ያለውን የአየር ብሎን ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ማስገባት ይበቃል። ደጋ ላይ ያልነበረ ጩኸት ቆላ ላይ ስለመጣ ብቻ ኦይል ሲል የሚያስቀይር ሰው ገንዘቡን ለከፍታ ልዩነት እየከፈለ ነው።

የማስተካከል አደጋው አንድ ነው። ስንጥቅ ያለበትን ሞተር ብሎን እየጠመዘዙ ጸጥ ማሰኘት ይቻላል። ድምፁ ይወርዳል፣ ሙቀቱ አይወርድም።

2. ካርቡሬተር ማጠብ

ጨርሶ የተደፈነ የሚኒሞ ጄት (ለሚኒሞ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀጭን ቀዳዳ ብሎን) ሞተሩን ያጠፋዋል እንጂ አያስጮኸውም፤ ታዲያ ለምን እዚህ ገባ? ምክንያቱም ሞተሩ እየጠፋ ያስቸገረው ሰው የሚኒሞ ብሎኑን ያጠብቃል። ያኔ ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና ይዞራል፣ ሲሞቅ ይጮኻል። ብሎኑ ከሚገባው በላይ ገብቶ ካገኙት መፍትሔው ማጠብ ነው።

በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን የሚጠቀም ሰው የካርቡሬተሩን ሳህን (ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን) በየጊዜው ይክፈት። ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ጠብታ ካለ ውሃ ነው። የሚኒሞ ጄቱ ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ መርፌ አይግባበት፤ ከመብራት ገመድ ውስጥ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዘው ያሳልፉ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር ይንፉት። ወደ ብርሃን ሲያዩት ክብ ነጥብ መታየት አለበት። የቾኩ ፕላንጀር ጫፍ ላይ ያለችው ላስቲክ ከተቆረሰች ቾኩ ተመልሶም አልተዘጋም ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ሚኒሞ ከፍ ያደርጋል፣ ብዙ መካኒክ ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ መግጠሙ። ስላይዱ በአንድ ጎኑ ሥሩ ላይ እንደ ማጭድ ተቆርጧል። የተቆረጠው ጎን ወደ አየር ማጣሪያው ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት ሙሉ ጩኸት ይጮኻል። ከመታጠቡ በፊት ደህና የነበረ ሞተር ከታጠበ በኋላ ካበደ ሌላ ነገር ሳይጠረጥሩ መጀመሪያ ይህን ይዩ።

3. የካርቡሬተር ላስቲክ፣ ፋሼታ (ማሰሪያው ቀለበት) እና ጋርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማፈኛ)

ብሎኑ ተፈትቶም ያልጠፋ ሞተር ካለዎት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ ነው። ዝም ብሎ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ፈትተው አውጥተው ሥሩን፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ፣ በሁለት አውራ ጣት አጥፈው ይዩት፤ ስንጥቁ የሚከፈተው ሲታጠፍ ብቻ ነው። የደጋው ብርድና የሞተሩ ሙቀት ሲፈራረቁበት መጀመሪያ የሚደርቀው እዚያ ነው።

ሳይፈቱም መፈተን ይቻላል። ሞተሩ እየዞረ በላስቲኩና በጋርኒሲዮኖቹ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ወይም ቀጭን የሚረጭ ዘይት ይርጩ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ይለወጣል። በቤንዚን አይሞክሩት፤ የጋለው ማርሚታ ከዚያ ከአንድ ክንድ አይርቅም።

ላስቲኩ ሲቀየር ምርጫው ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይም መለጠፍ ነው። ኮፒው ጎማው ደረቅ ነው፣ ስለዚህ በጣት ጫን ብለው ካልረገበ አይግዙት። መለጠፉ ግን አይመከርም። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ይልማል፣ የተላጠው ቁራጭ ደግሞ ተስቦ ሪድ ቫልቩ (ቅልቅሉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ባለ ምላስ በር) ላይ ይቀመጣል። በካላማዳሪ ጠቅልሎ በፋሼታ ማሰር እቤት ያደርሳል፣ ከዚያ አይዘልም። አዲሱን ሲያስሩ 6 ሚሊዎቹን ብሎኖች በየተራ፣ በመጠኑ ያጥብቁ። ከልክ በላይ ማጥበቅ ብረቱን ያጎብጠዋል። የጎበጠውን በመስተዋት ላይ በተዘረጋ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይቻላል።

«ሪድ ቫልቩም ይቀየር» ከተባሉ ይጠይቁ። የተቆረሰ የሪድ ምላስ ሞተሩን ለመነሳት ያስቸግራል፣ ቤንዚኑን ወደ ማጣሪያው ይመልሳል። የማያቋርጥ ጩኸት ዋና መንስኤው እሱ አይደለም። ጋርኒሲዮኑ ግን ከተከፈተ ይቀየር፣ ርካሽ ነው።

4. የክራንክ ኦይል ሲል

ውዱ ነው፤ ስለዚህም ያለ ማረጋገጫ መታዘዝ የሌለበት። በእነዚህ ያማሃዎች ሁለት ናቸው፦ በግራ ቮላኖው (በክራንኩ ጫፍ የሚሽከረከረው ከባድ ብረት) ሥር፣ በቀኝ ፍሪሲዮኑ በኩል። የግራው ሲያልቅ ንጹህ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞ ይጨምራል፣ ካንዴላው ይነጣል። የቀኙ የማርሽ ዘይት ይስባል፤ ጭሱ ይበዛል፣ የማርሹ ዘይት ያለ ምንም መፍሰስ ይጎድላል፣ ሲሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ሊል ይችላል።

ማረጋገጫው የአየር ፈተና ነው፣ መሣሪያው ደግሞ የደም ግፊት መለኪያ ነው። አገልግሎቱን የጨረሰ፣ ፓምፑና ሰዓቱ ግን የሚሠራ ይበቃል። ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን ያውርዱ፣ ካንዴላውን ግን እንደገባ ይተዉት። ፒስቶኑን ወደ ታች ያውርዱ። የጭስ መውጫውን በካላማዳሪ ቁራጭና በላዩ በታሰረ ብረት ይድፈኑ። በካርቡሬተሩ ላስቲክ ውስጥ ቱቦው ያለፈበት ውታፍ አስገብተው በፋሼታ ያጥብቁ። የዘይት ፓምፕ ያለው ከሆነ የሱንም ቀጭን ቱቦ ይዝጉ። ወደ 250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይንፉ፣ ከ300 አይለፉ። መርፌው ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ከቀረ ሲሎቹ ደህና ናቸው። እያዩት ከወረደ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀቡ፣ አረፋው ራሱ ቦታውን ይናገራል። የቮላኖውን ክዳን ከፍተው ከኋላው ይቀቡ። ውጭ ምንም ሳይታይ ግፊቱ ከወረደ የማርሽ ዘይት መሙያውን ከፍተው ያዳምጡ፤ አየር የሚተነፍስ ከሆነ የቀኙ ሲል ነው።

ብዙ ሞተሮች ላይ የግራው ሲል ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል ከውጭ ይቀየራል። የቮላኖ መንቀያ ግን የግድ ነው፤ በመዶሻ የሚያወልቅ ጋራዥ ክራንኩን ያጣምማል። የአዲሱ ሲል ሞላው ያለበት ፊት ወደ ክራንክ ቤቱ ውስጥ ይዙር፣ ከንፈሩ ግራሶ ይቀባ። ከመገጠሙ በፊት ቮላኖውን በእጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክሩ። ቅንጣት ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ አዲሱ ሲል በሳምንታት ውስጥ ይበላል። ያኔ ሞተሩ ተከፍሎ ኩሽኔታና ሁለቱም ሲሎች አብረው መቀየራቸው ውድ ቢመስልም የሚያዋጣው እሱ ነው።

5. አዲስ ካርቡሬተር

ሞተሩ የአየር ፈተናውን አልፎ፣ ታጥቦና ተስተካክሎም ሚኒሞው ካልወረደ ጥፋቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። ስላይዱን ዘግተው በጣት ወዲያ ወዲህ ያድርጉት፤ ከተንቀጫቀጨ ተበልቷል፣ አየር በጎኑ ያሳልፋል፣ ማንኛውም ብሎን አያድነውም። ከዚህ ውጭ ካርቡሬተር መግዛት ችኮላ ነው። ኮፒው ላይ የተጻፈው የጄት ቁጥርና የቀዳዳው ስፋት ላይገጥሙ ይችላሉ። ከገዙ የአሮጌውን ጄቶች አይጣሉ።

| አማራጭ | መቼ ይመረጣል | ወጪ | ሞተሩ የሚቆመው | ያለ ቦታው ቢደረግ |
|---|---|---|---|---|
| ማስተካከል | ብሎኑ ሲፈታ ከጠፋ፤ መሪ ሲዞር ከተለዋወጠ | የለም ማለት ይቻላል | 20 ደቂቃ | ስንጥቁን ይደብቃል |
| ማጠብ | ብሎኑ ከልክ በላይ ከገባ፤ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ካለ | ዝቅተኛ | 1–2 ሰዓት | ስላይድ ካልተገለበጠ ጉዳት የለውም |
| ላስቲክና ጋርኒሲዮን | ሲረጭበት ድምፅ ከተለወጠ | መካከለኛ | 1 ሰዓት፣ ዕቃው ካለ | ገንዘብ ብቻ ይባክናል |
| የግራ ኦይል ሲል | ቮላኖው ኋላ አረፋ ከታየ | መካከለኛ | ግማሽ ቀን | ያለ መንቀያ ከሆነ ክራንክ ይጎዳል |
| ሁለቱም ሲልና ኩሽኔታ | ቮላኖው ከተንቀሳቀሰ፤ የማርሽ ዘይት ከጎደለ | ከፍተኛ | 2 ቀንና ከዚያ በላይ | ጤነኛ ሞተር ያለ ምክንያት ለሁለት ይከፈላል |
| አዲስ ካርቡሬተር | የአየር ፈተናውን አልፎ ስላይዱ ከተንቀጫቀጨ | ከፍተኛ | ግማሽ ቀን ከማስተካከሉ ጋር | ችግሩ እንዳለ ይቀራል |

ለማን የትኛው?

እጅ ላጠረው ሰው፦ ኬብሉን፣ የቾኩን ላስቲክና የካርቡሬተሩን ላስቲክ በራሱ ይይ፣ አየር ፈተናውን በራሱ ያድርግ። ለመካኒኩ የሚከፈለው ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ነው። «ወንድሜ፣ ሚኒሞውን አውርድልኝ» ከማለት «ብሎኑ ተፈትቶም አይጠፋም፣ የት እንደሚያፈስ አሳየኝ» ማለት ይሻላል።

በየቀኑ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ፦ ስንጥቅ ከተረጋገጠ እስኪጠገን ቁልቁለቱን አይውረድ፤ ላስቲኩ ኦሪጅናል ይሁን። ረጅም ቁልቁለት ላይም በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዞ እጀታውን ትንሽ መስጠት ፒስቶኑ ዘይት እንዲያገኝ ያደርጋል። ለጥንቃቄ ብሎ ዘይት ማብዛት መፍትሔ አይደለም። የዘይቱ ልክ ለቤንዚኑ 1 ለ 32 ከሆነ በሊትር 31 ሚሊ፣ 1 ለ 50 ከሆነ 20 ሚሊ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ የቤንዚኑን ቦታ ይይዝና ቅልቅሉን ይብስ ያቀጥነዋል።

ብዙ ሰው የሚነዳው የመሥሪያ ቤት ሞተር ከሆነ ኩሽኔታና ሲሉን አንድ ላይ ማስቀየር ያዋጣል። የገጠር መንገድ ላይ የቆመ ሞተር ዋጋው ከመለዋወጫው ይበልጣል። ወራት ቆሞ ለሚነሳ ኤቲቪ ግን ማጠቡ ይቀድማል፣ ሲሉ የደረቀ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አሮጌ ለሚገዛ፦ ሞተሩን ቀዝቅዞ ይድረስበት፣ ራሱ ያስነሳው፣ አሥር ደቂቃ ያሙቀው፣ እጀታውን ሰጥቶ ይልቀቅ። ሻጩ «ሚኒሞውን ከፍ ያደረግነው ብርድ ላይ እንዳይጠፋ ነው» ካለ ብሎኑን እንዲፈታው ይጠይቅ። ካልጠፋ ዋጋው ላይ የሁለት ሲልና የኩሽኔታ ሒሳብ ይቀነስ፤ ማርሚታውንም አስፈትቶ በጭስ መውጫው በኩል ፒስቶኑን በባትሪ ይይ፣ ቀጥ ያለ ጭረት ካለበት ሞተሩ ቀድሞ ነክሶ ያውቃል።